ለተሸላሚ ግጥሞችና ሥዕሎች ገጻቸውን መልሱላቸው
ግልጽ ደብዳቤ ለመጽሔታችን አሳታሚ ቦርድ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የመጽሔቱ የግጥምና የሥዕል ገጾች በጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች ነን። ደመወዝ የለንም፤ ጠይቀንም አናውቅም። ማታ ማታ ከየሥራችን ስንመለስ የተላኩልንን ግጥሞች እናነባለን፣ ሥዕሎቹን እናያለን። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በውድድራችን የተሸለሙትን ሥራዎች ሰብስበን ልዩ እትም እናዘጋጃለን። ዛሬ ብዕር ያስነሣን የዚህ ልዩ እትም ነገር ነው።

ባለፈው ወር የደረሰን የውሳኔ ማስታወቂያ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ልዩ እትሙ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ቀርቷል ይላል። በምትኩ በመደበኛው እትም ውስጥ ሁለት ገጽ ይሰጣል። በሁለቱ ገጾች የአሸናፊዎቹ ስም፣ ጉርድ ፎቷቸውና የሽልማት ሥነ ሥርዓቱ ፎቶዎች ይወጣሉ። ግጥሞቹ «እንደ ቦታው ሁኔታ በቅንጭብ» ይቀርባሉ። ስለ ሥዕሎቹ አንድም ቃል የለም።

«ቅንጭብ» የምትለዋን ቃል ደጋግመን አነበብናት። ልብ ወለድ ቢቀነጨብ ችግር የለውም። አንባቢው ከወደደው መጽሐፉን ፈልጎ ይጨርሰዋል። ከአንድ ገጽ የማያልፍ ግጥም ግን ተቀንጭቦ ምን ይቀረዋል? ደግሞም ለውድድራችን የሚላኩት ግጥሞች ገና መጽሐፍ አልሆኑም። አንባቢ ሄዶ የሚያገኛቸው ሌላ ቦታ የለም። እኛ ጋ ሙሉውን ካላየ የትም አያየውም።

እንዲሁ የፈራን እንዳይመስላችሁ። ልዩ እትሙ ባለፉት ሁለት ዓመታት እየሳሳ ሲመጣ ያየነው አለ። እናንተ ዘንድ የደረሰ ስላልመሰለን በዝርዝር እንጽፈዋለን።

በመጀመሪያ የአንድ ገጣሚን ጉዳይ እናንሣ። በግጥም ዘርፍ አንደኛ የወጣ ነው። ግጥሙ ሠላሳ ስድስት ስንኝ አለው። ሲጀምር ለወንድም የተጻፈ ተራ ደብዳቤ ይመስላል። ተናጋሪው የቤቱን ወሬ ይነግረዋል። በሩ ቀለም ተቀብቷል። ድመቷ ወልዳለች። ብርድ ልብስህ ታጥቦ ተሰጥቷል። ሁሉም ቀለል ያለ ነገር ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ላይ ስንደርስ ግን ደብዳቤው የሚላክበት አድራሻ እንደሌለ ይገባናል። ወንድምየው ሞቷል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳችሁ ስታነቡት ያ ብርድ ልብስ ሌላ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ገጹ ላይ የወጣው ሃያ አራት ስንኝ ነው። የቀረው የተቆረጠው ለሥነ ሥርዓቱ ፎቶ ቦታ ለማስለቀቅ ነው። በፎቶው ላይ ገጣሚው ምስክር ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ግጥሙ መቆረጡን የሚያሳይ ምልክት እንኳ አልተደረገበትም። ሦስት ነጥብ የለ፣ ማስታወሻ የለ። ያነበበ ሁሉ ግጥሙ እዚያ ላይ ያለቀ ነው የሚመስለው።

ከሳምንት በኋላ አንዲት አንባቢ ለገጣሚው መልእክት ላከችለት። «እንዴት ደስ የሚል ግጥም ነው! ወንድምህ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ የሰጠናትን ነው ያነበበችው። ገጣሚው ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን አሳየንና ዝም አለ። እኛም የምንለው አጣን። ሐዘኑን ሠላሳ ስድስት ስንኝ አድርጎ የጻፈ ሰው፣ በተሸለመበት መጽሔት ላይ ደስታ ሆኖ ሲነበብበት አየ። ይህን በይቅርታ ማስታወቂያ ማስተካከል አይቻልም። እርማቱ በሚቀጥለው እትም በሁለት መስመር ወጣ፤ ግጥሙ ግን እስከ ዛሬ ሙሉውን አልታተመም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የስንኝ አሰባበር ነው። ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ለገጣሚ ግን ጥቃቅን አይደለም። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ግጥሞቹ እንደ ዜና በሁለት ጠባብ ዓምድ ተደረደሩ። በወል ቤት የተገጠመ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። መካከሉ ላይ ትንፋሽ አለው፤ መጨረሻው ላይ ቤት ይመታል። ዓምዱ ሲጠብ ግን የስንኙ ጭራ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። ቤት መምቻው መስመር መሐል ገባ። አንዷ ተሸላሚ ግጥሟን ለእናቷ ጮክ ብላ ልታነብላት ስትሞክር መሐል ላይ መደናቀፍ ጀመረች። ራሷ የጻፈችውን ግጥም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ መጽሔቱን አጥፋ በቃሏ አለችላት።

የገጽ አቀናባሪው ላይ አንፈርድም። ለአንድ ሰው ሙሉ እትም በሦስት ቀን ጨርስ ተብሎ ነው የሚሰጠው። ድሮ ፕሩፉ፣ ማለትም ከኅትመት በፊት ለእርማት የሚታየው ቅጂ፣ ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ እኛም ለገጣሚዎቹ እናሳያቸው ነበር። ያቺ አንዲት ቀን ከቀረች ጀምሮ ነው ስሕተቱ የበዛው።

ወደ ሥዕሎቹ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ምክንያቱም በሥዕል በኩል የደረሰው ጉዳት ያልተጻፈ ብቻ ሳይሆን ያልታየም ነው።

ባለፈው ዓመት በሥዕል ዘርፍ ያሸነፈው ሥራ ጠባብና ረጅም ሸራ ነው። ጥቁር ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ይታያል። መሰላሉ ከላይ ከሸራው ጠርዝ አልፎ ይሄዳል። ሰው የለበትም። ታች፣ ጥግ ላይ፣ ሁለት የልጅ ጫማዎች አሉ። የአንዱ ማሰሪያ ተፈቷል፤ ቀይ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ሌላ ቀይ የለም። ዳኞቹ በሰጡት አስተያየት ከግማሽ በላይ የጻፉት ስለነዚያ ጫማዎች ነው።

መጽሔቱ ላይ ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ወጣ። እሱስ ይሁን። ነገር ግን ረጅሙ ሸራ ለገጹ ስላልተመቸ ከታች ተቆረጠ። የተረፈው ጥቁር ግድግዳና መሰላል ነው። ከሥሩ የዳኞቹ አስተያየት ታትሟል። ስለ ጫማ ያወራል። ጫማ የለም።

ሠዓሊዋ መጽሔቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከገጹ በታች፣ ባዶው እንጨት ላይ አኖረችና «እዚህ ጋ ነበሩ» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ለዘንድሮው ውድድር ሥራ እንደማትልክ የነገረችን ከወራት በኋላ ነው።

በዚያው እትም ላይ ሁለተኛ የወጣው ሥዕል ደግሞ ተፈረካክሶ ታትሟል። ምክንያቱን አጣርተናል። ሠዓሊው ለኅትመት የሚሆን ትልቅ ፋይል ልኮ ነበር። አቀናባሪው ጋ የደረሰው ግን አንድ ሰው በቴሌግራም ያስተላለፈው ቅጂ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስንልከው ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ካልተላከ በስተቀር። ስልክ ላይ ጥሩ የሚመስል ምስል ወረቀት ላይ ሲሰፋ ይበጣጠሳል። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ስክሪን ቀለምን በብርሃን ነው የሚያሳየን፤ ማተሚያ ቤት ደግሞ በአራት ቀለም ያትማል። ደማቅ ሰማያዊ ስክሪን ላይ የሚያበራውን ያህል ወረቀት ላይ አያበራም። ስለዚህ አስቀድሞ በናሙና ማየትና ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሠዓሊያን ከእኛ ጋር አሉ። በነፃ እናድርገው ብለው ጠይቀዋል። መልስ አላገኙም።

ስለ መግለጫ ጽሑፍም አንድ ነገር እንበል። ከሦስት ሥዕሎች ሥር «ምስል፦ ከማኅደር» የሚል ብቻ ተጽፏል። የሠዓሊው ስም የለም። ርዕሱ፣ የተሠራበት ቁስ፣ መጠኑ፣ ዓመቱ የለም። አንባቢው ያየው በመዳፍ የምትያዝ ወረቀት ይሁን ግድግዳ የሚሸፍን ሸራ በምን ይወቅ? የማንስ ማኅደር ነው? ሥራው የሰው ነው። «የበርን ስምምነት» የሚባል፣ የደራሲያንንና የሠዓሊያንን መብት የሚያስጠብቅ ዓለም አቀፍ ውል አለ፤ በ1928 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮም ላይ ሲሻሻል አንድ አንቀጽ ገባበት። ደራሲም ሆነ ሠዓሊ የሥራው ባለቤት ተብሎ የመጠራት መብት አለው ይላል። ክብሩን ወይም ስሙን በሚጎዳ መልኩ ሥራው ሲዛባና ሲቆረጥ የመቃወም መብትም አለው። ክስ ልንመሠርት አይደለም ይህን ያነሣነው። ቆርጦ ማተም እንደ ቦታ ጉዳይ ብቻ እየታየ ስለሆነ፣ የመብት ጉዳይም መሆኑን እንድታዩልን ነው።

ሌሎቹን ቅሬታዎች በአጭሩ እንለፋቸው። ለተሸላሚዎች ይላካል የተባለው ሁለት ሁለት ቅጂ ለብዙዎቹ አልደረሰም። ሁለት ሰዎች ሥራቸው መታተሙን የሰሙት ከጓደኛ ነው። ልዩ እትሙ እንዲቀር ሲወሰንም ከእኛ መካከል የተጠየቀ ሰው የለም።

አሁን ወደ ምክንያታችሁ እንመለስ። ወረቀት ተወዷል፣ ባለ ቀለም ኅትመት አልተቻለም ብላችኋል። እውነት ነው። ትንሽ መጽሔት ምን ያህል በጠባብ በጀት እንደሚኖር እናውቃለን። በስፖንሰር የመጣ ገንዘብም ፎቶ ይፈልጋል፤ ይገባናል። ግን ስሌቱን አብረን እንየው። መጽሔታችን መሐሉን በሽቦ የሚሰፋ ነው። እንዲህ ያለ መጽሔት ገጹ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በአራት ነው፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን። እንግዲያው እትሙን በሙሉ በቀለም ማተም አያስፈልግም። መሐል ላይ የምትገባ አንዲት ወረቀት ብቻ በወፍራምና ለስላሳ ወረቀት በቀለም ብትታተም አራት የሥዕል ገጽ ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱ ገጾች ሽቦው ላይ ተገናኝተው እንደ አንድ ትልቅ ገጽ ይከፈታሉ። ያ ረጅም ሸራ ጋደም ብሎ እንኳ ቢሆን ሙሉውን ይገባበት ነበር። አንባቢ መጽሔቱን አዙሮ ማየት አያቅተውም።

ግጥሞቹ ደግሞ ቀለም አይፈልጉም። ነጭ ወረቀትና የራሳቸው ገጽ ከሰጠናቸው ይበቃቸዋል። ከሥነ ሥርዓቱ ስድስት ፎቶዎች አራቱ ቢቀሩ ለሦስት ግጥሞች ቦታ ይወጣል። ባለፈው እትም ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረግን ለክተነዋል።

ምናልባት «ማን ያነበዋል?» የሚል ሐሳብ በመካከላችሁ ተነሥቶ ይሆናል። እኛም ቤት ይነሣል፤ በተለይ ሲመሽና ሲደክመን። ግን ትንሽ መጽሔት ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ አለ። ሐሪየት ሞንሮ በ1912 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ላይ «ፖኤትሪ» የተባለውን መጽሔት ስትመሠርት ትልቅ አሳታሚ ከኋላዋ አልነበረም። መቶ ያህል ሰዎችን በየዓመቱ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር ለአምስት ዓመት እንዲያዋጡ አሳምና ነው የጀመረችው። ለገጣሚዎቹም ትከፍል ነበር። በ1915 ከመቶ ስንኝ በላይ ያለው አንድ ግጥም ይዛ ወጣች። ጸሐፊው እምብዛም የማይታወቅ ወጣት ነበር። ግጥሙ ግን ሙሉውን ታተመ። ያ ወጣት ቲ. ኤስ. ኤሊየት ነው፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት ያገኘው።

ወደ እኛ አህጉር ስንመጣም በ1957 ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ላይ የተጀመረው «ብላክ ኦርፊየስ» አለ። ግጥምንና ሥዕልን በአንድ መጽሔት ይዞ የሚወጣ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ናይጄሪያዊው ደራሲ ወሌ ሾይንካ ነበር፤ እሱም በ1986 ኖቤልን ተሸለመ። እነዚህን ስም የምንጠራው እኛም ነገ ኖቤል እናፈራለን ለማለት አይደለም። ትንንሾቹ መጽሔቶች ሥራውን ሳይሸራርፉ አትመው ስላቆዩት ነው ዛሬ የምናገኘው።

በራሳችን ቋንቋስ ገብረ ክርስቶስ ደስታን እንዴት አድርገን ለሁለት እንከፍለዋለን? ሠዓሊም ገጣሚም ነው። በሥዕሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አግኝቷል፤ ግጥሞቹን ደግሞ ሰው እስከ ዛሬ በቃሉ ይላቸዋል። የልዩ እትማችን አሠራርም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በግራ ገጽ ግጥም፣ በቀኝ ገጽ ሥዕል እናደርጋለን። ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ ስንከራከር የምናድርባቸው ምሽቶች ነበሩ። አንድ ዓመት ስለ ውኃ የተጻፈ ግጥም፣ ደረቅ ገንቦ ከሚያሳይ ንድፍ ትይዩ ወጣ። ገጣሚዋና ሠዓሊው ተዋውቀው አያውቁም። ገጹ ላይ ግን ይነጋገሩ ነበር። ያንን ገጽ ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ የለጠፈች አንባቢ ፎቶ አንሥታ ልካልናለች። በሁለት ገጽ የስም ዝርዝርና ጉርድ ፎቶ ይህ አይመጣም።

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ ተሸላሚው ፎቶው መውጣቱን አይጠላም። ቤተሰብም ደስ ይለዋል። እኛ የምንለው ሥራው ይቅደም ነው። ዳኞቹ የሸለሙት ግጥሙንና ሥዕሉን ስለሆነ፣ አንባቢውም እነሱን ያግኝ። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የልዩ እትሙ መቅረት ውሳኔ ለጊዜው ይቁም። ከእኛ ጋር አንድ ስብሰባ አድርጉ፤ የገጽና የወጪ ስሌታችንን ይዘን እንመጣለን። ልዩ እትሙ በምንም መንገድ የማይቻል ከሆነ እንኳ በመደበኛው እትም ቢያንስ አሥራ ሁለት ገጽ ይመደብ። ከእነሱ አራቱ በቀለም፣ መሐል ላይ ይሁኑ።

ተሸላሚ ግጥም ሳይቆረጥ፣ ስንኙ ሳይሰበር፣ በነጠላ ዓምድ ይታተም። ቦታ ከጠበበ የግጥሞቹ ቁጥር ይቀነስ እንጂ ግጥሙ አይቀነስ። የቀሩት በሚቀጥለው እትም ይውጡ።

ሥዕል ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ አይቆረጥ። ከሥሩ የሠዓሊው ስም፣ ርዕሱ፣ ቁሱ፣ መጠኑና ዓመቱ ይጻፍ። ፋይሎቹ ከሠዓሊው በቀጥታ ወደ አቀናባሪው ይሂዱ። በነፃ ለመርዳት የጠየቁት ሠዓሊያንም መልስ ይሰጣቸው።

ፕሩፉን የምናይበት አንድ ቀን ይመለስልን። ለአቀናባሪውም ከሦስት ቀን የተሻለ ጊዜ ይሰጠው።

የተቆረጠው ግጥም በሚቀጥለው እትም ሙሉ ሠላሳ ስድስቱ ስንኝ ይታተም። የመሰላሉ ሥዕልም ከነጫማዎቹ፣ በቀለም፣ ከሙሉ መግለጫው ጋር ይውጣ። ከሁለቱም ጋር ለምን ዳግም እንደታተሙ የሚገልጽ ማስታወሻ ይኑር። ለባለቤቶቹ ቦርዱ በራሱ ስም ደብዳቤ ይጻፍላቸው። ያልደረሷቸው ቅጂዎችም ለተሸላሚዎቹ በሙሉ ይላኩ።

የዘንድሮው ውድድር ሥራ መቀበያ የሚዘጋው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሥራቸውን ሊልኩ ያሰቡ ሰዎች ግጥሜ ሙሉውን ይወጣል ወይ፣ ሥዕሌ በቀለም ነው ወይ እያሉ ይጠይቁናል። እስካሁን «ቦርዱን ጠይቀን እንነግራችኋለን» ብለናቸዋል። መልሳችሁን ከዚያ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመጽሔቱ የግጥም ገጽ በጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች
የመጽሔቱ የሥዕል ገጽ በጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች
ባለፉት ሁለት ልዩ እትሞች ሥራቸው የወጣ ተሸላሚ ገጣሚያንና ሠዓሊያን